ቅሬታው እንዴት ተዘጋ

ሥራዬ ቅሬታ መቀበል ነበር። ሆስፒታሉ የመንግሥት ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ከዱባይ፣ ከሻርጃና ከአጅማን በየትኛው እንደሚገኝም አልናገርም። ሦስቱ ከተሞች ተጣብቀው ስለሚኖሩ ሰው አንዱ ውስጥ አድሮ ሌላው ውስጥ ይሠራል፣ ሲታመም ደግሞ ሦስተኛው ውስጥ ይተኛል። እኔ የምኖረው ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር ነበር፤ ከሌሎች ሴቶች ጋር ቢድ ስፔስ በሚሉት የአልጋ ኪራይ፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ። ጠዋት በአውቶቡስ ሄጄ የመስታወት ግድግዳ ባላት ጠባብ ቢሮ ውስጥ እቀመጣለሁ። በሩ ላይ «የታካሚዎች ግንኙነት» ይላል። የምንሠራው እኔና አለቃዬ ብቻ ነበርን።

እዚያ ወንበር ላይ የደረስኩት ዞሬ ዞሬ ነው። አዲስ አበባ በማኔጅመንት ዲፕሎማ ይዤ ሥራ ሳጣ ሰው ቤት ለመሥራት አጅማን መጣሁ። ዐረብኛ የተማርኩት ኩሽና ውስጥ ነው። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የማውቀው ዐረብኛ ትእዛዝና ስድብ ነበር፤ «እባክዎ» የሚለውን ቃል የለመድኩት ከዚያ ቤት ከወጣሁ በኋላ፣ የእንግዳ መቀበያ ሥራ ሳገኝ ነው። ኤጀንሲው ወደ ሆስፒታሉ ሲልከኝ በሦስት ቋንቋ መናገሬን ወደዱልኝ።

አለቃዬ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ቅሬታ ይዞ ለመጣ ሰው ውሃ ትሰጠዋለች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማዋለች፣ ሲሄድም በሩን ራሷ ትከፍትለታለች። በሩ ሲዘጋ «ይሄ ደግሞ ሥራ የለውም» ትልና የሚቀጥለውን ታስገባለች። የእሷ ጭንቀት አንድ ነበር፤ ቅሬታ ተከፍቶ መቆየት የለበትም። ቅሬታው ተፈታ ወይስ ተዘጋ ብለው ቢጠይቋት ልዩነቱ የሚገባት አይመስለኝም።

በዚያው ዓመት ሆስፒታሉ አዲስ ዳይሬክተር መጣለት። ሰውየው ገና ጎልማሳ ነው፤ ውጭ አገር የተማረ፣ ጽዱ፣ ሰው ሰላም ሲል ዓይን ዓይኑን የሚያይ። ከእሱ ጋር «መልካም አስተዳደር» የሚባል ነገር መጣ። በየሊፍቱ አጠገብ ትልልቅ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ ፍትሐዊነት፣ አሳታፊነት። ሠራተኛው ሁሉ፣ ከሐኪም እስከ ጽዳት፣ ስልጠና እንዲወስድ ታዘዘ።

ያሰለጠኑን ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ሐኪም ነበሩ። የተናገሩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ሆስፒታል ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ፣» አሉ፣ «መጀመሪያ የማን እጅ ነው የነካው ብላችሁ አትጠይቁ። ያ እጅ ብቻውን እዚያ እንዲሆን የወሰነው ማነው በሉ።» እኔ ከሰው ቤት የመጣሁ ነኝ። ሰው ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሲሰበር የሚጠየቀው የያዘው እጅ ነው፤ ወለሉን ማን በሳሙና ሙልጭልጭ እንዳደረገው የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ የሽማግሌው ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። እጄን አውጥቼ ጠየቅኋቸው።

«የወሰነው ሰው እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጠስ?»

ሰው ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም። «እንግዲያው መጀመሪያ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው። አለቃ ያሰኘው ይኸው ነው» አሉ። ዳይሬክተሩ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔም አመንኩት።

ከዚያ ስልጠና ብዙም ሳይቆይ ነው የስልክ አስተርጓሚው ነገር የተወሰነው። ነርስና ታካሚ ቋንቋ ለቋንቋ ሳይግባቡ ሲቀሩ የሚደወልበት አገልግሎት ነበር፤ የሚፈለገው ቋንቋ ይመረጥና ከወዲያ በኩል የሆነ ሰው ይተረጉማል። ዳይሬክተሩ ወጪ ለመቀነስ ጥቂት ሰው የሚጠቀምባቸውን ቋንቋዎች አስወጣ። አማርኛ ከወጡት አንዱ ነው። ይህ የተወሰነበት ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። አንድ ሐኪም «የኢትዮጵያ ሴቶች ሲመጡስ?» ብሎ ሲጠይቅ ዳይሬክተሩ በእስክሪብቶው ወደ እኔ አመለከተና «እሷ አለች አይደል» አለ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሳያስቡት እንደተገኘ ዕቃ ነው ያዩኝ።

ለየክፍሉ «አማርኛ ሲያስፈልጋችሁ ለቅሬታ ቢሮ ደውሉ» ብሎ ማሳወቅ የአለቃዬ ሥራ ሆነ። አላሳወቀችም። ጠየቅኋት፤ «እልካለሁ» አለችኝ። ሌላ ቀን ስጠይቃት «ለምን ትቸኩያለሽ? ሥራ በዛብኝ ብለሽ የምታለቅሺው ራስሽ ትሆኛለሽ» አለችኝ፤ በዚያችው ለስላሳ ድምጿ።

ልጅቷን ያገኘኋት እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

በየሳምንቱ አልጋ ለአልጋ እየዞርን ታካሚዎችን ስለ አገልግሎቱ እንጠይቅ ነበር፤ ይሄም ከአሳታፊነት የመጣ ነው። የቃጠሎ ክፍል ስገባ አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ ያሰረች ልጅ ጥግ ላይ ተኝታለች። ማተቡ ጫፉ ታኝኮ ተበጣጥሷል። አማርኛ ስናገር ከትራሷ ቀና አለች። ከወሎ ገጠር ናት። መጥታ ገና ብዙ አልቆየችም፤ ከዐረብኛ የያዘችው ቶሎ በይ የሚለውን «ያላ» እና በቃ የሚለውን «ኸላስ» ብቻ ነው። አል ማምዛር ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። አሠሪዋ ማዳም እንግዳ ጠርታ፣ ልጅቷ ትልቅ መጥበሻ ስታነሳ እጀታው ተንሸራተተና የፈላ ዘይት ሁለቱም እግሮቿ ላይ ተደፋ። ከጭን እስከ ቁርጭምጭሚት በፋሻ ተጠቅልላለች።

ስለ ምግቡ፣ ስለ ንጽህናው ጠየቅኋት። ሁሉንም «ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጣቸው» አለች። ተነስቼ ልሄድ ስል እጄን ያዘችኝ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂኝ። አንቺ በይኝ ደግሞ፣ እህትሽ ነኝ።»

«ቅጣቴ መቼ ነው የሚያልቀው?»

አልገባኝም። «የምን ቅጣት?»

«የዘይቱ ነዋ» አለችኝ፤ የምታውቂውን ለምን ትጠይቂኛለሽ በሚል ዓይነት። «የማዳምን ምንጣፍ ያበላሸሁበት። ያመጣችኝ ቀን ከነርሷ ጋር ቆመው ብዙ ተነጋገሩ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ነርሷ እየመጣች ቁስሌን ትፍቀዋለች። ሳትጀምር ትጠይቀኛለች። እኔም እሺ እላለሁ። ምን እላለሁ ታዲያ? ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ግን እየበረታብኝ መጣ። በቃሽ የምትባዪው መቼ ነው?»

ቁስሏ እንዲድን እየታጠበ መሆኑን ነገርኳት። ቆዳው እንዲይዝ የሞተው መነሳት እንዳለበት፣ የማንም ቅጣት እንዳልሆነ፣ ነርሷ ልታድናት እንጂ ልትጎዳት እንዳልመጣች ነገርኳት። ሰማችኝና «እንዲህ እያመመ?» አለችኝ። ያን ያህል ማመም እንደሌለበት የሰማሁት ነገር ነበርና በማግስቱ ጠዋት ቁስሏ ሲታጠብ አጠገቧ ልሁን ብዬ ወሰንኩ።

ነርሷ ሶርያዊት ነች። ፊቷ የደከመ፣ እጇ ፈጣን፣ ከጦርነት ሸሽታ ከባሏና ከሴት ልጇ ጋር አጅማን የምትኖር። ጋሪዋን እየገፋች መጣችና ልጅቷ ፊት ቆማ በዐረብኛ ጠየቀቻት፤ «መርፌውን ትፈልጊያለሽ?»

ልጅቷ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች፣ ቅንድቧን ከፍ፣ ራሷንም ትንሽ ወደ ኋላ አደረገች። ሁላችንም አገራችን ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ እንደምናደርገው።

«እንደ ሁልጊዜው አልፈልግም አለች» አለች ነርሷ ወደ እኔ ዞራ፣ ጓንቷን እየጎተተች። «እንዲህ ያለ ጀግና ሴት አላየሁም።»

በነርሷ አገር ቅንድብን ከፍ አድርጎ ራስን ወደ ኋላ ማለት «የለም፣ አልፈልግም» ማለት ነው። አጅማን የነበርኩበት ቤት አሮጊቷ ከሻም አገር፣ ከነሶርያ ወገን ስለነበሩ እኔም መጀመሪያ ላይ በዚሁ ስንት ጊዜ ተሳስቼ ተሰድቤበታለሁ።

«እሺ ነው ያለችሽ» አልኳት። «በእኛ አገር እንዲያ ማለት አዎ ማለት ነው።»

ነርሷ አንድ እጇ ጓንት ውስጥ፣ ሌላው ባዶውን ቀረ። «አዎ?»

«አዎ።»

መርፌው ቁስሉ ከመታጠቡ በፊት የሚሰጥ ጠንካራ ማስታገሻ ነው። ስለሚያዞርና ስለሚያስመልስ የማይፈልጉት ታካሚዎች አሉ። ድሮ ሁሉም ሳይጠየቅ ይወጋ ነበር። አዲሱ ደንብ ግን ታካሚ በሕክምናው ላይ ድምፅ ይኑረው ብሎ፣ ሳይጠየቅና እሺ ሳይል እንዳይሰጥ አዘዘ። ስለዚህ ልጅቷን ዕለት ዕለት ይጠይቋታል። እሷ ቅጣቱን እሺ እያለች፣ እነሱ መርፌውን እንቢ አለች ብለው እየጻፉ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ቁስሏን ያለ ማስታገሻ አጥበውታል።

ነርሷ ሄዳ መርፌውን አመጣች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የልጅቷ ዓይን ከበደ፤ ፋሻው ሲነሳ እግሯን አልሰበሰበችም። ሲያልቅ «ዛሬ ተውኝ?» አለችኝና እንቅልፍ ወሰዳት።

ኮሪደሩ ላይ ነርሷ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። «ማተቧን በጥርሷ ትነክሰው ነበር» አለችኝ። «ለአምላኳ የተሳለችው ነገር ያለ መሰለኝ። እኛ ዘንድም ሰዎች እንዲያ ያደርጋሉ። ዋላሂ፣ ስለት መስሎኝ ነው። አስተርጓሚ ጋ ስደውል አማርኛ የለም አሉኝ።»

«እኔ እንዳለሁ አልተነገረሽም?»

«ማን ይነግረኛል?»

ከዚያ ተነስታ ዓይኗን ጠረገች። «ጻፊው» አለችኝ። «እንደሆነው አድርገሽ ጻፊው። ከእሷ በፊትም የአገርሽ ሴቶች እዚህ ተኝተዋል። ከእሷ በኋላም ይመጣሉ። ስሜን አትደብቂ፤ ካልደበቅሽ ነው የሚያምኑሽ።»

ጻፍኩት። የስልክ አገልግሎቱ መቋረጡን፣ ለክፍሎቹ አለመነገሩን፣ ምልክቱ ምን ማለት እንደሆነ፣ ነርሷ ራሷ እንዲጻፍ መጠየቋን አንድም ሳላስቀር አስገባሁ። አለቃዬ አነበበችውና «በጣም ጥሩ ነው» አለችኝ። «ዳይሬክተሩ እንዲህ ያለ ጉዳይ ነበር የሚፈልገው።» ደስ ያላት መሰለኝ። ደስም ብሏት ነበር፤ በምን እንደሆነ የገባኝ ግን በኋላ ነው።

ጉዳዩን የሚያየው የሆስፒታሉ ኮሚቴ ሲሰበሰብ ልጅቷን በተሽከርካሪ ወንበር አመጧት። ታካሚዋ ራሷ ትሳተፍ አለ ዳይሬክተሩ። ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውሃ፣ የተምር ሳህን። እሷ እግሯን በአንሶላ ተሸፍና ከጫፉ፣ ነርሷ ቆማ፣ እኔ በመካከል ለማስተርጎም። ማስታገሻው እየለቀቃት ስለነበር ልጅቷ የወንበሩን ክንድ ጨብጣ ነበር። አለቃዬ ይህን አይታ ውሃ ገፋ አደረገችላት።

«ጠይቂያት» አለኝ ዳይሬክተሩ። «ይህች ነርስ አሳምማታለች?»

ጠየቅኋት። ልጅቷ ነርሷን አየቻት፤ ከዚያ እኔን። «አሳምማኛለች፤ ግን እሷ ደግ ናት። ፀጉሬን ሠርታልኛለች። በእጇ ነው የምታጎርሰኝ። ነገሩ ያለመግባባት ነው በይልኝ።»

ቃል በቃል ተረጎምኩ። ዳይሬክተሩ እጁን አነሳ። «አሳምማኛለች የሚለው ይበቃል።»

«ጌታዬ፣ የቀረውስ?»

«ፀጉር መሥራት ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም» አለች አለቃዬ።

ልጅቷ «ምን አሉ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? «እየተነጋገሩ ነው» አልኳት።

ነርሷን ጠየቋት። ታካሚዋ መረዳቷን አረጋግጠሻል ወይ አሏት። «መጠየቅ ጠይቄያታለሁ፤ መስሎኝ ነበር» አለች። «መስሎኝ» የሚለውን ቃል ኮሚቴው ውስጥ የተቀመጠው የሆስፒታሉ ሕግ አዋቂ ደግሞ ደጋግሞ አስነገራት። አስተርጓሚ ለምን አልጠራሽም አላት። ደውዬ የለም ተብያለሁ አለች። «ከዚያስ ለማን አመለከትሽ?» አላት። ለማንም እንዳላመለከተች ተናገረች። ያኔ ዳይሬክተሩ ወንበሩን ደገፍ ብሎ ተነፈሰ፤ ሲፈልገው የነበረውን ያገኘ ሰው አተነፋፈስ ነው። ነርሷንም ልጅቷንም አስወጧቸው።

በሩ እንደተዘጋ ተናገርኩ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ግን ተናገርኩ። «ጌታዬ፣ አማርኛው ከስልኩ እንዲወጣ የተወሰነው እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው። በእኔ እንዲተካ የተባለውም እዚሁ ነው። ለክፍሎቹ አልተነገረም። ነርሷ ማንን ትጥራ?»

ዳይሬክተሩ አልተቆጣም። ዓይን ዓይኔን እያየ በትሕትና ጠየቀኝ። «አንቺ የዚህ ኮሚቴ አባል ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«እዚህ ያለሽው ለምንድን ነው?»

«ቃለ ጉባኤ ለመያዝ። ለማስተርጎም።»

«ያሁኑን የተናገርሽው በአማርኛ ነው?»

አንዱ ሐኪም ሳቀ። «አይደለም» አልኩ።

«እንግዲያው ትርጉም አይደለም። ከቃለ ጉባኤው ይውጣ።» ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞሮ ስለ ተጠያቂነት ተናገረ። ያማረ ንግግር ነው። ሆስፒታል የሕዝብ አደራ ነው አለ፤ ታካሚ ድሃ ይሁን የውጭ አገር ሰው፣ የቤት ሠራተኛም ትሁን፣ ጉዳቷ ዝም ተብሎ አይታለፍም አለ። ከዚህ በፊት የቤት ሠራተኛ ጉዳይ እስከዚህ ኮሚቴ ደርሶ አያውቅም፤ ዛሬ ደረሰ አለ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ሲጨርስ ነርሷ ከሥራ እንድትሰናበትና ጉዳዩ ለሙያ ፈቃድ ሰጪው አካል እንዲተላለፍ ተወሰነ። እጃቸውን አወጡ። አንድም ተቃውሞ አልነበረም። የራሴን ንግግር በራሴ እጅ አጠፋሁት። ያዘዘኝም አላየኝም፤ ወደ ተምሩ ሳህን ጎንበስ ብሎ ነበር።

ከዚያ የይቅርታ ደብዳቤ መጣ። አለቃዬ ናት ያረቀቀችው፤ ሆስፒታሉ በደረሰው ሁሉ ከልብ አዝኗል ይላል። ግልጽነት ስለሆነ ለተጎጂዋ ብቻ ሳይሆን ለአሠሪዋም ተላከ። ማዳም ደብዳቤውን ስታነብ «ቅሬታ»፣ «ምርመራ»፣ «ቃጠሎ» የሚሉ ቃላት አየች፤ ሌላውን ያነበበችው አይመስለኝም። ነገ ደግሞ ዘይቱ እንዴት ተደፋ ብሎ የሚጠይቅ ይመጣል ብላ ፈራች። በማግስቱ ጠዋት ሽቶዋን ነስንሳ፣ የልጅቷን ልብስ በጥቁር ፌስታል አንጠልጥላ መጣች።

«ወደ አገሯ ትሄዳለች» አለችኝ። «ሙሽኪላ፣ ጣጣ አልፈልግም። ትኬት ተቆርጧል።»

ሐኪሙ ቁስሏ ላይ በቅርቡ የተለጠፈው ቆዳ ገና አልያዘም አለ። ከአሁኑ ከወጣች ይበላሻል፣ እግሯ ሊኮማተር ይችላል አለ። እኔ ወደ አለቃዬ ሮጥኩ፤ እሷ ዳይሬክተሩ ጋ ደወለች። ስልኩን ስታስቀምጥ ፊቷ ብሩህ ነበር። «ታካሚዋ ራሷ ትወስን ብሏል። መብቷ ነው። ሂጂ ጠይቂያት። ከተስማማች አልጋው ይለቀቅ፤ የሚጠብቅ ሰው አለ።»

ልጅቷ አልጋ አጠገብ ተንበረከክኩ። ማዳም እግርጌ ቆማ ቁልፏን ታሽከረክራለች።

«ስሚኝ» አልኳት። «እንቢ ማለት ትችያለሽ። እስክትድኚ እዚህ መተኛት መብትሽ ነው። ማንም በግድ አያስወጣሽም። እንቢ በይ፣ እኔ እተረጉምልሻለሁ።»

«ማዳም ትኬቱን ገዝታለች አይደል?»

«ብትገዛም።»

«ነርሷስ ዛሬ የለችም?»

«የለችም። ሌላ ትመጣለች።»

አሰበች። ሌላ ነርስ፣ ሌላ እጅ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። «ልሂድ» አለችኝ። «እናቴ ጋ ብሞት ይሻለኛል።»

አለቃዬ ከጀርባዬ ቆማ ነበር። «ምን አለች?»

«ልሂድ አለች» አልኩ። ሌላ ማለት አልቻልኩም፤ ያለችው እሱን ነው። አለቃዬ የሚጻፈውን ጻፈች። ልጅቷን በወንበር አውርደው ማዳም መኪና ኋላ ወንበር ላይ፣ እግሯን ዘርግታ አስቀመጧት። ማዳም የቁስሏ ቅባት መቀመጫውን እንዳያበላሽ ከሥሯ ፕላስቲክ አነጠፈች። ቅሬታው በዚያው ቀን ተዘጋ። አለቃዬ ከሰዓት በኋላ ኬክ አስመጣች፤ ከመጣሁ ወዲህ እንዲህ በፍጥነት የተዘጋ ከባድ ጉዳይ የለም አለች። ለእኔም ቆርጣ ሰጠችኝ። አልበላሁትም፤ እሷም ያየች አልመሰለኝም።

ጉዳዩ በኋላ ሌሎች ሆስፒታሎች ሲጎበኙን እንደ ምሳሌ ይነገር ጀመር። ዳይሬክተሩ ራሱ ያቀርበዋል። አንዲት የቤት ሠራተኛ፣ አንድ ቅሬታ፣ ፈጣን ውሳኔ፣ ግልጽ ተጠያቂነት። ሽማግሌው አሰልጣኝ በአንዱ ጉብኝት ላይ ነበሩ። ሲወጡ ሊፍቱ ጋ ጠብቄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ቆመው ሰሙኝ። ሊፍቱ ሁለቴ መጥቶ ሄደ። መጨረሻ ላይ «ልጄ፣ እኔ የማስተምረው ደንቡን ነው፤ ሰዎቹን የምመርጠው እኔ አይደለሁም» አሉኝ። እጄን ጨብጠው ሄዱ። ከዚያ ተመልሰው ሲመጡ አላየኋቸውም።

ነርሷን ፍለጋ አጅማን ሄድኩ። ሥራ ካጣች ወራት አልፈው ነበር። ባሏ የመኖሪያ ፈቃድ ስላለው ከአገር አልወጣችም፤ ግን ፈቃድ ሰጪው መዝገቧ ላይ ካሰፈረው ማስታወሻ በኋላ የሚቀጥራት ሆስፒታል አላገኘችም። የጎረቤት ልጆች ቤቷ ውስጥ ትጠብቃለች። በሩን ሰንሰለቱን ሳታወልቅ ገርበብ አድርጋ ከፈተችልኝ። ከኋላዋ ሕፃናት ይጯጯሃሉ።

«ምን ፈለግሽ?»

«ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«እንዲጻፍ የጠየቅሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። «በዚያ አልወቅስሽም። ግን ኮሚቴው ፊት ስቆም፣ ስለ ስልኩ ትናገሪያለሽ ብዬ ዓይንሽን ስጠብቅ ነበር። አንድ ቃል አልወጣሽም።»

«ተናግሬያለሁ። አንቺ ከወጣሽ በኋላ።»

«ከወጣሁ በኋላ።»

«እያስተረጎምኩ ስለነበር መግባት አልቻልኩም። እንደወጣሽ ተናገርኩ። ዋላሂ።»

«ማን ሰማሽ?»

«ሁሉም ሰምተውኛል።»

«ቃለ ጉባኤው ላይ አለ?»

እውነቱን ነገርኳት፤ አውጪው ብለውኝ በእጄ እንዳወጣሁት። ሳቀች። ክፋት ያለበት ሳቅ ነው፤ ክፋቱ ግን ወደ እኔ ብቻ አልነበረም። «እግዜር ይባርክሽ እንግዲህ» አለችኝና በሩን ዘጋችው። ለልጇ የገዛሁትን አሻንጉሊት ደፉ ላይ አስቀምጬ ወረድኩ። ታች ደርሼ ቀና ስል፣ አሻንጉሊቱን በመስኮት ስትወረውረው አየሁ። ፓርኪንግ ላይ የቆመ መኪና ጣሪያ ላይ አረፈ። እዚያው ተውኩት።

ውሌ ሲያልቅ ሆስፒታሉ አላደሰልኝም። ምክንያት አልተሰጠኝም፤ አለቃዬ በሩን ራሷ ከፈተችልኝ፣ መልካም ዕድል ተመኘችልኝ። አሁን ዱባይ፣ ዴራ ገበያ፣ ከኢትዮጵያ ለሚመጡ ነጋዴዎች አስተረጉማለሁ። መጋረጃ፣ ሳህን፣ የሕፃን ጫማ። እዚያ ሁሉም ሰው ምን እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ካልተግባቡ ዕቃውን ትተው ይሄዳሉ።

ከልጅቷ ጋር ዛሬም አልፎ አልፎ እንደዋወላለን። ቁስሏ እናቷ ቤት ከደረሰች በኋላ አመረቀዘ። ጤና ጣቢያ አመላልሰዋት ተረፈች፤ አንድ እግሯ ግን ጉልበቱ ላይ እንደታጠፈ ቀረ፣ አይዘረጋም። ስትሄድ በዱላ ነው። ያጫት ቤተሰብ ሐሳቡን ቀይሯል። ይህን ሁሉ የምትነግረኝ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ዓይነት ነው።

ባለፈው ስትደውል ስለ ነርሷ ጠየቀችኝ። «ደህና ናት? ያቺ ፀጉሬን የሠራችልኝ?»

«ደህና ናት» አልኳት።

«አሁንም እዚያው ናት?»

«አጅማን ናት። ከልጆች ጋር ነው የምትሠራው።»

«ከልጆች ጋር ይሻላታል» አለች። «ቁስል ማየት ልብ ያደርቃል። ሰላም በይልኝ እሺ?»

«እሺ» አልኳት። ከዚያ ክረምቱ እንዴት እንደገባ ነገረችኝ። ጣሪያቸው እያፈሰሰ ነው፤ ወንድሟ ቆርቆሮ ሊገዛ ወደ ከተማ ወርዷል፤ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ምናልባት እዚያው ያድራል።